የተሞላ ሰፊ ቃሪያ፤ በሥጋም በዓሣም

ቃሪያን በቁመቱ ሰንጥቆ፣ ፍሬውን አራግፎ፣ በደቀቀ ሽንኩርትና በቲማቲም፣ በጥቂት ዘይትና ጨው መሰነግ ለአገራችን እመቤት አዲስ ሙያ አይደለም። በጾም ቀን ከሽሮው አጠገብ ስንግ ያልቀረበበት ገበታ አንድ ነገር እንደ ጎደለው ሆኖ ይታያል። ዛሬ የምንናገርለት መብል የዚሁ የስንግ ታላቅ ወንድም ነው ብንል ከእውነት አንርቅም፤ ይኸውም ሰፊውንና የማያቃጥለውን ቃሪያ፣ በገበያችን አንዳንዶች የፈረንጅ ቃሪያ የሚሉትን፣ በተፈጨ ሥጋ ወይም በዓሣ ሞልቶ ማብሰል ነው። ስንጉ በጥሬው የሚበላ ማባያ ሲሆን ይህኛው ግን ራሱን የቻለ ምግብ ነው።

ስለዚህ መብል ለመጻፍ የተነሣነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ሙያውን የጀመሩ ብዙ ወይዛዝርት የሥጋው ሲሠምርላቸው የዓሣው እየተበላሸባቸው ስለ ሆነ ነው፤ ይህም የሚሆነው ሁለቱን በአንድ ደንብ ስለሚያበስሉአቸው ነው። ሁለተኛው ግን ከእሳት በላይ የሆነ ነገር ነው። የተሞላ ነገር ውስጡ አይታይም። ክዳኑ ተከድኖ፣ ላዩ በቲማቲም ርሶ በሳሕን ላይ የቀረበ ቃሪያ የበሬ ሥጋ ይያዝ፣ የእሪያ ሥጋ ይያዝ፣ ወይም ከባሕር የወጣ ሸርጣን ይያዝ፣ ሥራው ያው አንድ ዓይነት ነው። የሚበላውንና የማይበላውን፣ የሚጾምበትንና የሚፈስክበትን ቀን ለይቶ ለሚኖር ቤተ ሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አስቀድመን ስለ ቃሪያው ራሱ ጥቂት እንናገር። ቃሪያ ሁሉ፣ የሚያቃጥለውም የማያቃጥለውም፣ ትውልዱ ከአሜሪካ ምድር ነው። ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ ከመጀመሪያው ጉዞው በ1493 ሲመለስ ወደ እስጳንያ ይዞት ገባ (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ከዚያም በመርከበኞችና በነጋዴዎች እጅ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ተሻገረ። በርበሬ የሌለበት ወጥ ማሰብ ለሚቸግረን ለእኛ፣ ከዚያ ዘመን በፊት የነበሩት አባቶቻችን ወጣቸውን ያለ በርበሬ ይበሉ እንደ ነበረ ማወቅ የሚያስደንቅ ነው። ሰፊው ቃሪያ ከእኛው ቃሪያ ጋር አንድ ወገን ሲሆን የማያቃጥለው የሚያቃጥለውን ነገር የማበጀት ኃይል ከዘሩ ስለ ጠፋ ነው። አረንጓዴው፣ ብጫውና ቀዩም ልዩ ልዩ አትክልት አይደሉም፤ አረንጓዴው ገና ያልበሰለው ነው፤ ስለዚህ ቀዩ ይጣፍጣል፣ አረንጓዴው ጥቂት ይመራል።

ስለ ጥቅሙም አንድ ታሪክ አለ። አልበርት ሰንት ጂዮርጂ የተባለው የሀንጋሪ ሊቅ ዛሬ ቪታሚን ሲ የምንለውን ነገር አጥንቶ ለመጨረስ የሚበቃው ያህል ከየት እንደሚያገኝ ተጨንቆ ሳለ፣ ራሱ እንደ ተረከው፣ አንድ ማታ ባለቤቱ ለራት ትኩስ ቃሪያ አቀረበችለት። ሊቁ ግን በዚያ ሌሊት ቃሪያ መብላት አላሰኘውምና ይዞት ወደ መመርመሪያ ቤቱ ሄደ፤ ቢመረምረውም ያ የሚፈልገው ነገር የተከማቸበት ሆኖ አገኘው። በ1937 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የሚስቱን ራት ትቶ የሚነሣ ባል ሁሉ እንዲህ ያለ ፍሬ ይዞ እንደማይመለስ ግን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። እሳት ከዚህ ቪታሚን ከፊሉን ያጠፋዋል፤ ከፊሉም ወደ መረቁ ይወርዳልና መረቁን መድፋት አይገባም።

አትክልትን ሞልቶ የማብሰልን ጥበብ እጅግ ያስፋፉት ቱርኮችና በእነርሱ ግዛት ሥር የነበሩት ሕዝቦች ናቸው። ቱርኮች «ዶልማ» ይሉታል፤ ትርጓሜው የተሞላ ማለት ነው። ዐረቦች «ማሕሺ»፣ ግሪኮች «ዬሚስታ» ይሉታል፤ የሁሉም ትርጓሜ ያው ነው። በቤይሩትና በሌሎች የዐረብ ከተሞች በሰው ቤት ሠርተው ወደ አገራቸው የተመለሱ እኅቶቻችን ማሕሺን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ በአቅራቢያዋ እንዲህ ያለች ሙያተኛ ያለቻት እመቤት ከዚህ ጽሑፍ ይልቅ ከእርስዋ እጅ ብትማር ይሻላታል።

በእነዚህ አገሮች ሥጋ የሌለበት ሙሌት የሚጠራበት ስም ደግሞ ደስ ያሰኘናል። ሩዝ ብቻ በወይራ ዘይትና በቅመም የተሞላውን ቱርኮች «ያላንጅ» ይሉታል፤ ውሸታም ማለት ነው፤ ሥጋ የያዘ መስሎ ይታያልና። ግሪኮች ደግሞ «ኦርፋና» ይሉታል፤ ይህም ሥጋ የሞተበት እንደ ማለት ሙት ልጅ፣ ወላጅ አልባ ማለት ነው። እኛም በዚህ አንታማም፤ የሽምብራ ዱቄት ለውሰን፣ በዓሣ መልክ ቀርጸን፣ በዘይት ጠብሰን በወጥ ውስጥ የምንጨምረውን «የሽምብራ ዓሣ» እንለዋለን። ይህ የእኛ ያላንጅ ነው።

አሁን ወደ ዓሣውና ወደ ሥጋው እንምጣ። በሰሜን አሜሪካ ደቡብ፣ ሚሲሲፒ የሚባለው ታላቅ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት በሉዊዚያና፣ ይልቁንም በኒው ኦርሊንስ ከተማ፣ የተሞላ ቃሪያ የታወቀ የቤት ምግብ ነው። የዚያ አገር ምግብ ከፈረንሳውያን፣ ከእስጳንያውያንና በባርነት ከተወሰዱ አፍሪካውያን ሙያ ተቀላቅሎ የተገኘ ነው። ወጣቸውን ሁሉ የሚጀምሩት በሽንኩርት፣ በሰለሪና በሰፊው ቃሪያ ነው፤ ሦስቱንም በአንድነት «ቅድስት ሥላሴ» ብለው ይጠሩአቸዋል፤ እኛ ግን ይህን የከበረ ስም ለሽንኩርት መስጠትን አንወድም። ቃሪያውን በተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ ወይም በሽሪምፕና በሸርጣን፣ ወይም ሁለቱን ወገን ቀላቅለው ይሞሉታል። ባሕራቸው ሽሪምፕን አብዝቶ ይሰጣቸዋል። ደግሞም ብዙዎቹ ካቶሊኮች ስለ ሆኑ ዓርብ ሥጋ የማይበላበት ቀን ነበር፤ እስከ 1966 ድረስ በዓመቱ ዓርቦች ሁሉ፣ ከዚያ ወዲህ ግን በግዴታ የቀረው በዐቢይ ጾማቸው ዓርቦች ነው። ከባሕር የሚወጣ ሁሉ ተፈቅዶላቸው ነበርና ሐሙስ ሥጋ የተሞላው ቃሪያ ዓርብ በሽሪምፕ ይሞላል።

ግሪኮች ኦርቶዶክሳውያን ሲሆኑ ደንባቸው ሌላ ነው። በዐቢይ ጾም አከርካሪ ያለውን ዓሣ ይከለክላሉ፤ የሚፈቅዱት በብሥራት በዓልና በሆሳዕና ነው። ሽሪምፕንና የመሳሰሉትን የባሕር ፍጥረቶች ግን ደም የላቸውም በማለት በጾም ይበላሉ። ስለዚህ ለግሪካዊት እመቤት ሽሪምፕ የተሞላ ቃሪያ የጾም ምግብ ነው፤ ዓሣ የተሞላው ግን አይደለም።

በእኛ ዘንድ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። በውኃ ከሚኖሩት ሁሉ ክንፍና ቅርፊት ያላቸው ብቻ እንዲበሉ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የተሠራውን ሥርዓት ሕዝባችን ሲጠብቅ ስለ ኖረ፣ ሽሪምፕና ሸርጣን በፍስክም ቢሆን በገበታችን ቦታ የላቸውም፤ አምባዛም ቅርፊት የለውምና ብዙ ቤተ ሰብ ይተወዋል። ቆሮሶ ግን ክንፍም ቅርፊትም አለው። ዓሣን በጾም ስለ መብላት የምእመናን ልማድ አንድ አይደለም፤ በዐቢይ ጾም ትቶ በሌላው ጾም የሚበላ ቤት አለ፤ በጾም ቀን ጨርሶ የማይቀምስ ቤትም አለ፤ አባቶች አዘውትረው የሚያስተምሩት ግን መተውን ነው። እኛ በዚህ ዓምድ ፍርድ ልንሰጥ አልተነሣንምና እያንዳንዱ የነፍስ አባቱን ይጠይቅ። በምግብ አሠራር በኩል ግን ዓሣ የተሞላ ቃሪያን በፍስክ ቀን ብትሠሩት እንመክራለን፤ ምክንያቱም እንቁላልና ቅቤ ሲገባበት የበለጠ ይሠምራል።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በጎረቤት ቤት ወይም በሥራ ባልደረባ ግብዣ ይህ መብል ሲቀርብላቸው ቈርሰው ከጀመሩ በኋላ ከሚደናገጡ አስቀድመው «ውስጡ ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁ ነውር የለበትም። በዚያ አገር ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው፤ ሽሪምፕ የማይስማማቸው፣ ከበሉም በጽኑ የሚታመሙ ሰዎች አሉና ባለቤቲቱ አትቀየምም። የበሬ ሥጋ ነው ከተባለም በኋላ ሽሪምፕ ወይም የእሪያ ሥጋ አብሮት መኖሩን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በሉዊዚያና መቀላቀል ልማድ ነው፤ በባልካን አገሮችም የበሬና የእሪያ ሥጋ አብሮ መፍጨት የተለመደ ነው።

አሠራሩን በሥጋው እንጀምር። ለስምንት ቃሪያ የሚበቃው ግማሽ ኪሎ የተፈጨ የበሬ ወይም የበግ ሥጋ ነው፤ በጥብስ ቢሆን ለአራት ሰው የማይበቃው ሥጋ እዚህ ስምንት ሰው ያበላል፤ ይህም የሙሌት ትልቁ በረከቱ ነው። ስቡ ፈጽሞ የወጣለት ሥጋ ይደርቃልና ጥቂት ስብ ይኑርበት። 100 ግራም ያህል ጥሬ ሩዝ፣ ሁለት ራስ የደቀቀ ሽንኩርት፣ ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የተፈገፈገ ቲማቲም፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና ጥቂት ጦስኝ ይጨመርበታል። በእጅ ሲለወስ እንደ ሊጥ አይታሽ፤ የታሸ ሥጋ ሲበስል እንደ ድንጋይ ይጠነክራል።

ቃሪያውን ስትገዙ ከሥሩ አራት ጉብታ ያለውን ምረጡ፤ በድስት ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ግንዱን ሳትነቅሉ ላዩን እንደ ክዳን ቁረጡት፤ ፍሬውንና ነጩን ጅማት አውጡ። ስትሞሉ ከአፉ ሦስት ጣት ያህል እስኪቀር ድረስ ይበቃል፤ ጥሬ ሩዝ ሲበስል ሦስት እጥፍ ያህል ያብጣልና እስከ አፉ የተሞላ ቃሪያ ይፈነዳል። ከዚያ በኋላ በድስት ውስጥ አጠጋግታችሁ አቁሙአቸው፤ የተፈጨ ቲማቲም በውኃ አቅጥናችሁ ከቃሪያው ወገብ ድረስ አፍስሱ፤ ክዳኑን ገጥማችሁ በለዘበ እሳት ተዉት።

እዚህ ላይ የውጭ አገር መጻሕፍት የማይናገሩት አንድ ነገር አለ። የኒው ኦርሊንስ ከተማ ያለችው በባሕር ወለል ደረጃ ላይ ነው፤ ውኃም በዚያ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እሳቱን ብታበዙበትም መትነኑ ይፈጥናል እንጂ ትኩሳቱ አይጨምርም። ስለዚህ በመጽሐፉ «45 ደቂቃ» የተባለውን ያመነች የአዲስ አበባ እመቤት ቃሪያዋ ሲቈረስ ሩዙ ጥርስ ላይ ይንኳኳባታል፤ ጥፋቱም የእጅዋ ሳይሆን የአገሩ ከፍታ ነው። የቲማቲሙም ኮምጣጣነት የሩዙን መብሰል ያዘገየዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሩዙን ለግማሽ ሰዓት ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፋችሁ አጥልሉት፤ ከፈላም በኋላ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ስጡት። ከመውረዱ በፊት አንዱን ቃሪያ ቈርጣችሁ ተመልከቱ፤ ሩዙ ሲለሰልስ፣ ሥጋውም ከመካከሉ ቅላቱ ፈጽሞ ሲጠፋ ደርሶአል።

ሥጋ ጊዜን ይወዳል፤ እየቆየ ስቡንና ጭማቂውን ለጥሬው ሩዝ ይሰጣል፣ ሩዙም ይጠጣዋል። ዓሣ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በጥቂት ደቂቃ ይበስላል፤ ከዚያ ካለፈ ይፈረፈራል፣ ውኃውን ይለቅቃል፣ ይደርቃል። ሽሪምፕም ሦስትና አራት ደቂቃ ካለፈው እንደ ጎማ ይሆናል። እንግዲህ ዓሣን ከጥሬ ሩዝ ጋር በጥሬ ቃሪያ ውስጥ አድርጎ አንድ ሰዓት መቀቀል ዓሣውን መግደል ነው፤ ወይዛዝርቱን የሚያሳዝናቸው መበላሸት የሚመጣው ከዚህ ነው። በዓሣው ሙሌት ደንቡ ሁሉ አስቀድሞ መብሰል ነው፤ ሩዙ ለብቻው በስሎ ይቀዘቅዛል፤ ቃሪያው በጨው ውኃ አምስት ደቂቃ ተቀቅሎ አፉን ወደ ታች ተዘቅዝቆ ይንጠፈጠፋል፤ ዓሣውም ለብቻው ይዘጋጃል፤ ምድጃው የሚሠራው ማዋሐድና ማሞቅ ብቻ ነው።

ለስምንት ቃሪያ 600 ግራም ያህል አጥንቱ የወጣለት ቆሮሶ ይበቃል፤ የጣና ይሁን የዝዋይ፣ የሐዋሳ ይሁን የጫሞ ልዩነት የለውም፣ ትኩስ ይሁን እንጂ። ሁለት ራስ ሽንኩርት በቅቤ ወይም በዘይት ሳይጠቁር ይለስልስ፤ ዓሣው በላዩ ላይ አራት አምስት ደቂቃ ተገለባብጦ ይውረድ። ሲበርድ በጣት እየፈተሻችሁ ፈርክሱት፤ የቆሮሶ ስንጥር አጥንት ለዓይን ይሰወራል እንጂ ለጣት አይሰወርም፤ ልጆች ለሚበሉበት ቤት ይህ ሥራ ለሠራተኛ ተሰጥቶ የሚታለፍ አይደለም። ዓሣው የለቀቀውን ውኃ አጥልላችሁ ለማርጠቢያ አስቀምጡት። ሁለት ብርጭቆ የበሰለ ሩዝ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቂት እንስላል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የተፈቀፈቀ የሎሚ ልጣጭና አንድ የተመታ እንቁላል ጨምራችሁ በቀስታ አዋሕዱ። እዚህ ሩዙ አስቀድሞ ስላበጠ ቃሪያውን እስከ አፉ ሙሉት። በላዩ የዳቦ ፍርፋሪ በቅቤ አርሳችሁ ነስንሱበት፤ በ180 ዲግሪ በጋለ ፉርኖ 20 ደቂቃ ይቆይ። ፉርኖ የሌለው ቤት በሰፊ ድስት ሁለት ጣት ያህል የቲማቲም መረቅ አድርጎ፣ ቃሪያውን በላዩ አቁሞ፣ ከድኖ ለሩብ ሰዓት ቢያንፈቀፍቀው ይበቃል፤ ፍርፋሪው ብቻ አይቀላም። የሎሚውን ጭማቂ ሲበላ እንጂ ሲበስል አትጨምሩ።

ሥጋና ሽሪምፕን የሚቀላቅሉት የሉዊዚያና ሰዎችም ይህንኑ ምሥጢር ያውቃሉ። ሥጋውን አስቀድመው ከሽንኩርቱ ጋር ጠብሰው ያበስሉታል፤ ሽሪምፑን በመጨረሻ ጨምረው መልኩ ቀላ እንዳለ ያወርዱታል፤ በሩዝ ፋንታም ብዙዎቹ ያደረ ዳቦ አርሰው ይጨምሩበታል። ይህ የዳቦው ብልሃት ለእኛም ይጠቅማል፤ ሩዝ በሌለበት ቀን የደረቀ ፉርኖ ዳቦ በዓሣው መረቅ ርሶ ቢገባ ሙሌቱ የበለጠ ይለሰልሳል።

በእስጳንያ፣ በናቫራ አውራጃ፣ ሎዶሳ በሚባል ስፍራ የሚበቅል ፒኪዮ የተባለ ትንሽ ቀይ ቃሪያ አለ፤ ስሙ ከ1987 ጀምሮ በሕግ ይጠበቃል። እርሱን በእሳት ጠብሰው፣ ልጣጩን በእጅ ገፈው፣ ኮድ በተባለው በጨው በደረቀ ዓሣ ወይም በሥጋ ይሞሉታል። ከዚህ የምንወስደው ማቃጠሉን ነው፤ ቃሪያን በፍም ላይ አቃጥሎ መላጥ እመቤቶቻችን ያውቁታልና፣ ከመቀቀል ይልቅ ቀዩን ቃሪያ እንዲህ ቢያዘጋጁት ለዓሣው ሙሌት እጅግ ይስማማዋል።

ለጾሙ ቀን ደግሞ ሥጋና ዓሣ ወጥተው ምስርና ሩዝ ይግቡ። ድፍን ምስር ለብቻው ጥቂት ገር እስኪል ይቀቀል፤ ከተዘፈዘፈ ሩዝ፣ ከብዙ ሽንኩርትና በቂ ዘይት ጋር ይዋሐድ፤ ከዚያ ወዲያ የሥጋው ደንብ ይከተል፤ ጥሬ ሩዝ ስላለበት አሞላሉም ሆነ ጊዜው ያው ነው። ዘይቱን የምትሳሳ እመቤት ደረቅ ነገር ታቀርባለች፤ በሥጋው ውስጥ ስቡ የሚሠራውን ሥራ እዚህ ዘይት ይሠራዋልና።

በአንድ ቤት የሚጾምም የማይጾምም ይኖራል፤ ሕፃን አለ፣ ሕመምተኛ አለ። እንዲህ ባለ ቀን ሁለቱን ሙሌት በአንድ ድስት ማብሰል ነገሩን ያበላሻል፤ መረቁ አንድ ነውና የሥጋው ስብ ወደ ጾሙ ቃሪያ ይገባል። ድስቱ ሁለት ይሁን። ለመለየትም የጾሙን በአረንጓዴ፣ የፍስኩን በቀይ ቃሪያ መሥራት ከሁሉ የሚቀል ምልክት ነው፤ ሁለቱም አንድ መልክ ከሆኑ የጾሙን ያለ ክዳን ተዉት።

ክዳን ያልተደረገበትን ጫፍ፣ ከአፉ የተቈረጠውንም ትርፍ አትጣሉ፤ ደቆ ወደ ሙሌቱ ወይም ወደ መረቁ ይገባል። የሥጋው ቃሪያ በማግስቱ በመረቁ ሲሞቅ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ይጣፍጣል፤ ነገር ግን ሩዝ ያለበት ምግብ በገበታ ላይ ሲበርድ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ወዲያው ያግባው፤ የሌለው ቤት ልክ ለሚበሉት ሰዎች ያህል ይሙላ። የዓሣው ግን ለዚያው ቀን ብቻ ይሠራ።